«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አትላስ በምኖርበት ሕንፃ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ከታች ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ አሁንም ቤታቸው ሆነው ለሦስት ትንንሽ ድርጅቶች መዝገብ ይይዛሉ። «ልጄ፣ ኮምፒውተሬ በርቷል፤ ግን ምንም አያሳየኝም» አሉኝ።

ወርጄ አየሁት። ፓስወርዳቸውን ተቀብሏል። ከዚያ በኋላ ግን ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ የማውዙ ቀስት ብቻ ይንቀሳቀሳል። አይከን የለም፣ ከታች ያለው መስመር የለም፣ የጀርባው ሥዕል የለም።

ለካ እኔ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ለሚያውቁት ጥገና ቤት ደውለው ነበር። ልጁም ዕቃውን ሳያየው በስልክ ፈርዷል፦ «ማዘር፣ እሱ ፎርማት ነው የሚፈልገው። 600 ብር ነው። ይዘውት ይምጡ፣ በአንድ ሰዓት ይደርሳል።»

በኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው የዘጠኝ ዓመት የፒችትሪ ሒሳብና የሞቱት ባለቤታቸው ፎቶዎች ናቸው። ሌላ ቦታ ኮፒ የለም። ስለ ኮፒ የጠየቃቸውም ሰው የለም።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫንን። ታስክ ማናጀር የሚባለው መስኮት ብቅ አለ። ከፋይል ሜኑው «ሩን ኒው ታስክ» የሚለውን መርጠን በእንግሊዝኛ ፊደል «ኤክስፕሎረር» ብለን ጻፍንና ኢንተር አልን። ሁሉም በየቦታው ተመለሰ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እሳቸው መርቀውኝ ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «እንዲህ ቀላል ከሆነ ልጁ ለምን ፎርማት አለኝ?»

በዕለቱ የሰጠኋቸው መልስ ለራሴም አላረካኝም። ስለዚህ እዚህ ልሞክረው።

መጀመሪያ ዴስክቶፕ ምን እንደሆነ እንግባባ። ብዙዎቻችን ዴስክቶፑን ኮምፒውተሩ ራሱ አድርገን እናየዋለን፤ እሱ ካልመጣ ሁሉም የጠፋ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። ዊንዶውስ ተነስቶ ፓስወርዳችንን ከተቀበለ በኋላ ኤክስፕሎረር የሚባል አንድ ፕሮግራም ያስነሳል። አይከኖቹን፣ የታችኛውን መስመርና የስታርት ሜኑውን የሚስለው እሱ ነው። እሱ ካልተነሳ የምናየው ጥቁር ስክሪንና ቀስት ብቻ ይሆናል። ፋይሎቻችን ግን ዲስኩ ላይ በነበሩበት ናቸው። የሱቁ መዝጊያ ተጣብቆ አልከፈት ብሏል እንጂ ዕቃው ከመደርደሪያው አልወረደም። መዝጊያው እንቢ አለ ብሎ ሱቁን ከነዕቃው የሚያፈርስ ነጋዴ የለም። ሳንመረምር ኮምፒውተር ፎርማት ስናደርግ የምንሠራው ግን ይህንኑ ነው።

ይህ የቤት ኮምፒውተር ወግ ብቻ የሚመስለው ካለ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ለደንበኞቹ ላከ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቀሩ። አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አስተላለፉ፣ ባንኮች ተቸገሩ። መድኃኒቱ ምን ነበር? ኮምፒውተሩን ሴፍ ሞድ በሚባለው በትንሹ አሠራር ማስነሳት፣ አንድ የተበላሸ ፋይል ማጥፋት፣ እንደገና ማስነሳት። በዓለም ታሪክ ከታዩት ትልልቅ የኮምፒውተር መስተጓጎሎች አንዱ የተፈታው ፋይል በማጥፋት ነው። ዋናው ነገር ጥፋቱ የቱ ጋ እንዳለ ማወቁ ነበር።

ታዲያ የኛ ልጅ ለምን ፎርማት አለ?

«አላዋቂ ስለሆነ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን አላምንበትም። ከአትላስ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ከመገናኛ እስከ ፒያሳ በየሕንፃው ጥግ አንድ ጠረጴዛና አንድ መብራት ይዘው የሚሠሩ ልጆችን አውቃለሁ። ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው። ከሞተ ቦርድ ላይ ቺፕ ነቅለው ሌላ የሚተክሉ አሉ። ችግሩ ያለው የምንከፍላቸው ለምን እንደሆነ ላይ ነው።

አስቡት። ልጁ አርባ ደቂቃ ተቀምጦ ጥፋቱን ቢፈልግ፣ አግኝቶም በሦስት ቁልፍ ቢያስተካክለው፣ ስንት እንከፍለዋለን? «ምን ሠራህና? ሁለት ቁልፍ ነክተህ ይሄን ሁሉ?» እንላለን። ሃምሳ ብር ሰጥተን አመስግነን እንሄዳለን። ፎርማት ካደረገው ግን ዋጋው የታወቀ ነው፣ ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ ውጤቱም ሲያዩት አዲስ ኮምፒውተር ይመስላል። ለማሰብ የማይከፍል ደንበኛ የሚያገኘው ሳያስብ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም፤ ዋጋውን ያወጣነው እኛ ነን።

የዚህ ልማድ ኪሳራ ደግሞ ከምናስበው ይሰፋል። ጠንቃቃ የሚባለው ቴክኒሻን እንኳ ከፎርማት በፊት የሚያወጣው ዴስክቶፕ ላይና ዶክመንት ውስጥ ያለውን ነው። የፒችትሪ ሒሳብ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከነዚህ ውጭ፣ ሲ ድራይቭ ውስጥ በራሱ ፎልደር ነው። የሰኔ 30 ሒሳብ መዝጊያ ደርሶ ፎልደሩ እንደሌለ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚሰማው ሒሳብ ሠራተኞች ያውቁታል። ከሥራ ኢሜይል የወረዱ ደብዳቤዎች፣ ብሮውዘሩ የያዛቸው ፓስወርዶች፣ በአንድ ወቅት በሲዲ ተገዝቶ ዛሬ ሲዲው የጠፋ ፕሮግራም፣ ሁሉም አብረው ይሄዳሉ።

አንድ የኛ ብቻ የሆነ ችግር ልጨምር። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ያለው ሰው ፋይሉ ቢተርፍለት እንኳ ከፎርማት በኋላ ሲከፍተው የሚያየው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው። የጠፋው ፎንቱ ነው፤ ፎንቱ ከተመለሰ ጽሑፉም ይመለሳል። ይህን ሳያውቅ «ተበላሽቷል» ብሎ የአባቱን የሕይወት ታሪክ ወይም የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ የሚሰርዝ ሰው አለ።

ጉዳዩ አሁን የሚያስቸኩልበት ምክንያትም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፣ ከዚያም ቀጠለ። ኮምፒውተር በዶላር ነው የሚገባው። ስለዚህ ትናንት «ልቀይረው» ያልነውን ዛሬ እናስጠግነዋለን። በየቤቱ ያለው ኮምፒውተር ያረጃል፣ ዲስኩም አብሮት ያረጃል።

በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለዊንዶውስ 10 መደበኛውን የደኅንነት ማሻሻያ አቁሟል፤ ለተመዘገቡ የግል ተጠቃሚዎች የተሰጠው ማራዘሚያም የአንድ ዓመት ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን ከጥቂቶች በስተቀር በይፋ አይቀበልም። በየቴሌግራም ገበያው «6ኛ ጀነሬሽን፣ በጣም ንጹሕ» ተብለው የሚሸጡት ላፕቶፖች በሙሉ ከዚህ መስመር በታች ናቸው። ብዙዎቹ ላይ የተጫነው ዊንዶውስም በክራክ የነቃ ነው። ክራኩ ሲጫን መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረሱ እንዲጠፋለት ነው፤ በዚያ በር ምን አብሮ እንደሚገባ ማንም አያውቅም።

መብራቱን ረስቼው አይደለም። ዊንዶውስ በሥራ ላይ እያለ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጽፋል። መሐሉ ላይ መብራት ከሄደ በግማሽ የተጻፈ ፋይል ይቀራል። ያ ፋይል የተጠቃሚው ቅንብር የሚቀመጥበት ከሆነ በማግስቱ ዴስክቶፑ አይመጣም፤ ወይም የማናውቀው ባዶ ዴስክቶፕ ይመጣል። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ይተርፋል፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕና ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ግን ለዚህ የተጋለጡ ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጀመሪያ እቤት ልንሞክር የምንችለውን ልዘርዝር።

1. ጆሯችሁን ስጡት። ከዲስኩ ተደጋጋሚ የቀጭ ቀጭ ድምፅ ከመጣ ወዲያው አጥፉት። ይህ የሶፍትዌር ችግር አይደለም፤ በበራ ቁጥር ይብስበታል። ፋይል ማዳን ለሚችል ባለሙያ ብቻ ስጡት።

2. ጥቁር ስክሪንና ቀስት ከሆነ ከላይ የነገርኳችሁን ሦስት ቁልፍ ሞክሩ። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ሲሠራ ግን ከብዙ ጣጣ ያድናል። ቀስቱም ከሌለ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ስክሪን የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር እንደገና ያስነሳዋል።

3. ዴስክቶፑ መጥቶ ባዶ ከሆነ አትደንግጡ። ባዶው ቦታ ላይ በማውዙ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ቪው» ውስጥ አይከን የሚያሳየው ምርጫ ምልክት እንዳለው እዩ። ልጆች ሲነካኩ ይጠፋል።

4. «በጊዜያዊ ፕሮፋይል ገብተዋል» የሚል መልእክት ካያችሁ እዚያ ላይ ምንም ሥራ አትሥሩ። ስትወጡ ይጠፋል። የድሮ ፋይሎቻችሁ ሲ ድራይቭ ውስጥ «ዩዘርስ» በሚለው ፎልደር፣ በስማችሁ ሥር ናቸው።

5. ችግሩ የጀመረው አዲስ ፕሮግራም ወይም ማሻሻያ ከተጫነ በኋላ ከሆነ፣ ፓስወርድ በምታስገቡበት ገጽ ላይ ሺፍትን ይዛችሁ «ሪስታርት» በሉ። ከሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ሴፍ ሞድን መርጣችሁ የመጨረሻውን እንግዳ አስወጡ።

6. ሲ ድራይቭ ሞልቶ ከሆነ ቦታ ልቀቁ። ጢም ያለ ዲስክ ላይ ዴስክቶፕ ሳይመጣ ሊቀር ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ወደ ባለሙያ ሂዱ። ስትሄዱ ግን «ይስተካከልልኝ» ከማለታችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ «ምንም ከመንካትህ በፊት ፋይሎቼን አውጣልኝ።» ዊንዶውስ ባይነሳም ይህ ይቻላል። ኡቡንቱ ባለበት ፍላሽ አስነስቶ መገልበጥ፣ ወይም ዲስኩን ነቅሎ በገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለማንጠይቀው ነው የማያደርገው። አዲስ ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ ይቆልፉታል፤ ቁልፉም አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጧል። ዛሬ ሁሉም ሰላም እያለ ቁልፉን አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ልማድ እንዲቀየር እጠይቃለሁ። ጤና ጣቢያ ስንሄድ መጀመሪያ ካርድ እናወጣለን። ሐኪሙ መድኃኒት ባያዝልንም ካርዱን ከፍለናል፤ ላብራቶሪውንም ለብቻው ከፍለናል። «ደህና ነህ» ተብለን ስንመለስ «ገንዘቤን መልሱ» አንልም። ኮምፒውተር ጥገናም ካርድ ይኑረው። ባለሙያው ዋጋውን ግድግዳው ላይ ይለጥፍ፦ ምርመራ ይህን ያህል፣ ፋይል ማውጣት ይህን ያህል፣ ጥገና ይህን ያህል። ምርመራው በሦስት ቁልፍ ቢያልቅ እንኳ የምርመራውን እንክፈል። ያን ጊዜ ልጁ ፈልጎ ማግኘት ያተርፈዋል፤ እኛም ዘጠኝ ዓመት የለቀምነውን አንከስርም። የትኛውም መንግሥታዊ ፈቃድ ወይም መመሪያ አያስፈልገውም። ከአትላስ አንድ ጥገና ቤት ነገ ሊጀምረው ይችላል።

«የማውቀው ቴክኒሻን ምርመራ ብዬ ብከፍለው ሳያይ ይበላኛል» የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ዛሬም ሳያይ እየፈረደ አይደል? ልዩነቱ ያኔ «ምን አገኘህ?» ብሎ የመጠየቅ መብት ይኖረናል፤ መልሱን በደረሰኝ ጀርባ ላይ እንዲጽፍልን ማድረግም እንችላለን።

ፎርማት ፈጽሞ አያስፈልግም እያልኩም አይደለም። ቫይረስ ሥር የሰደደበት ኮምፒውተር፣ ወይም ሌላ ሰው ሊወስደው የሆነ ኮምፒውተር ፎርማት ይደረጋል። ዊንዶውስ ራሱም የግል ፋይል ሳይነካ ሲስተሙን ብቻ የሚያድስ «ሪሴት» የሚባል ምርጫ አለው፤ ፕሮግራሞቹ ይጠፋሉ እንጂ ፋይሎቹ ይቆያሉ። ፎርማት የመጨረሻው ገጽ ይሁን ነው የምለው። በስህተት ፎርማት የተደረገባችሁም ካላችሁ ተጨማሪ ነገር አትጫኑበት፣ አጥፉትና ፋይል መልሶ ለሚያወጣ ባለሙያ አሳዩ። በድሮው ሃርድ ዲስክ ላይ ተስፋ አለ። በኤስኤስዲ ላይ ግን ዲስኩ የተለቀቀውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳው ተስፋው ጠባብ ነው።

በዚያው በሐምሌ 2016 መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን ሥልጠና አስጀምሯል። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ ይማሩበታል። አልቃወምም፤ የቤተሰቤ ልጆችም ገብተውበታል። ግን ኮድ የሚጽፍ ወጣት የገዛ እናቱ ዴስክቶፕ ሲጠፋ «ፎርማት ነው» ካለ አንድ ትምህርት ጎድሎታል። ሰው ያመነህን ዕቃ ከመንካትህ በፊት ኮፒ አድርግ የሚለው ትምህርት። እሱን ለማስተማር ሚሊዮን ሰው አያስፈልግም፤ ከየቤቱ አንድ ይበቃል።

ኮፒ ስል ክላውድ ብቻ ማለቴ አይደለም። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንት በላይ ተቋርጦ እንደነበር አንርሳ። ክላውዱም ይኑር፣ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ዲስክም ይኑር። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ኮፒ አይባልም፤ መብራትና ቫይረስ ሲመጣ አብሮ ይሄዳል።

ጎረቤቴ ውጫዊ ዲስክ ገዙ። በየወሩ መጨረሻ ደመወዝ ሠርተው ሲጨርሱ ይሰኩታል፣ ይገለብጣሉ፣ ይነቅሉታል፣ ከቤቱ ካርታ ጋር ይቆልፉበታል። መጀመሪያ የገለበጡት ግን ሒሳቡን አልነበረም። የባለቤታቸውን ፎቶዎች ነው።

እናንተስ? ኮምፒውተራችሁ ነገ ጠዋት ጥቁር ሆኖ ቢጠብቃችሁ መጀመሪያ የምታለቅሱለት ፋይል የቱ ነው? እሱን ዛሬ ማታ ገልብጡት። ጥገና ቤት ያላችሁ ደግሞ የምርመራ ዋጋችሁን ለጥፋችሁ ጀምሩ። ሐሳባችሁን በአስተያየት መስጫው ላይ እጠብቃለሁ።